የ1960ዎቹ የዘፈን መድረክ ምን ይመስል ነበር? ለአዳማ "የድሮ ምሽት" ምክር ፈልጌ ነው

የፍራንኮ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። አዳማ ነው ያለሁት፣ ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። ቅዳሜ ማታ አንድ ሆቴል ውስጥ ከሁለት ድምፃውያን ጋር እንሠራለን። አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት። አሁን የቤቱ ባለቤት አዲስ ሐሳብ አምጥቷል። ለፋሲካ ማግስት "የድሮ ምሽት" እናድርግ ይላል። የፈለገው ከ1962 እስከ 1966 ያለውን ጊዜ ነው። ያው ፈረንጆቹ የሰባዎቹ መጀመሪያ የሚሉት። ጥላሁን፣ ብዙነሽ፣ ማሕሙድ፣ ዓለማየሁ፣ ሂሩት።

ዘፈኖቹን እችላቸዋለሁ። ያልገባኝ መድረኩ ነው። ድምፃዊው የት ነበር የሚቆመው? ስንት ዘፈን ዘፍኖ ይወርዳል? ባንዱ ስንት ሰው ነው? እኔ በካሴትና በፍላሽ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ባለቤቱ "ሱፍ አልብሳቸው፣ ጎፈሬ አድርግላቸው፣ አለቀ" ባይ ነው። እኔ ግን እንደዚያ አይመስለኝም። የምታውቁ ንገሩኝ።

ሳውንድማን፦
ጎፈሬው ዊግ ከሆነ እኔ ከአሁኑ የለሁበትም።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ጥያቄህ ደስ ብሎኛል። እኔ ወታደር ቤት በሙዚቃ ክፍል ትራምፔት ስነፋ ነው ያረጀሁት። የገባሁት ከዚያ ዘመን ትንሽ ቆይቼ ነው። ያስተማሩኝ ግን የዚያው ዘመን ሰዎች ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ያዝ። ዛሬ ድምፃዊ ባንድ ይቀጥራል። ያኔ ባንዱ ነበር ድምፃዊ የሚቀጥረው። ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ምድር ጦር፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ሀገር ፍቅር። ጥላሁን ከሀገር ፍቅር ተነስቶ ክብር ዘበኛ ገባ። ብዙነሽና ማሕሙድም ክብር ዘበኛ ነበሩ። ሂሩትና ዓለማየሁ ፖሊስ። ሁሉም ደመወዝተኛ ናቸው። የጦሩ ሰው ከሆንክ ደግሞ ትሰለፋለህ፣ ታረፍዳለህ፣ ትቀጣለህ። ዘፋኝ ነኝ ብሎ ነገር የለም።

መድረኩ ላይ ኦርኬስትራው ተደርድሮ ይቀመጣል። ሳክስፎኖቹ ከፊት፣ ትራምፔትና ትሮምቦን ከኋላቸው። ከበሮውና ቤዙ በጎን። እያንዳንዱ ሰው ፊት የኖታ ማስቀመጫ አለ። ድምፃውያኑ መጋረጃ ጀርባ ይጠብቃሉ። አስተዋዋቂው ስም ይጠራል። ይገባል፣ እጅ ይነሳል፣ ሁለት ወይም ሦስት ዘፍኖ ይወጣል። ቀጣዩ ይገባል። ኦርኬስትራው ንቅንቅ አይልም። ያው ነፊ በአንድ ምሽት ለስድስትና ለሰባት ድምፃዊ ይነፋል።

ስለዚህ አንድ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ማይክራፎን ጨብጦ ከቆመ፣ የፈለግከውን ሱፍ ብታለብሰው የዚያ ዘመን አይሆንም።

የፍራንኮ ልጅ፦
ጋሼ እጅግ አመሰግናለሁ። ይሄ "ባንዱ ነው ድምፃዊ የሚቀጥረው" ያሉት ነገር ብዙ ነገር ገለጠልኝ። ዘፈኖቹ ላይ መግቢያው ለምን እንደዚያ ረጅም እንደሆነ ሁሌ ይገርመኝ ነበር። ድምፃዊው እየገባ ነዋ!

ሸክላ ሰብሳቢ፦
ጋሼ ያሉት ለመንግሥት ኦርኬስትራዎቹ ነው። እኔ ሌላኛውን ወገን ልጨምር። በ1962 እና በ1966 መካከል ነገሩ እየተቀየረ ነበር። የምሽት ክበቦች ተከፍተዋል። ከጦሩም ከቴአትር ቤቱም ያልሆኑ ባንዶች መጥተዋል። ሶል ኤኮስ ከፊተኞቹ አንዱ ነው። ከዚያ ቬነስ፣ ዳህላክ፣ አይቤክስ፣ ዋልያስ። እነዚህ ትንንሽ ናቸው። ጊታር፣ ቤዝ፣ ኦርጋን፣ ከበሮ፣ ከላይ ጥቂት ነፊ። ልብሳቸውም ከወታደሩ ይለያል። ደወል ሱሪ፣ ጎፈሬ፣ ባለ ትልቅ ኮሌታ ሸሚዝ።

የማሕሙድን ታሪክ ታውቃላችሁ። ልጅ ሆኖ ጫማ ጠርጓል። በኋላ አሪዞና የሚባል ክበብ ተላላኪ ሆኖ ይሠራ ነበር። የክብር ዘበኛ ልጆች እዚያ ይጫወታሉ። አንድ ማታ ድምፃዊ ሳይመጣላቸው ሲቀር እኔ ልሞክር አለ። በዚያው ቀረ። ከክበብ ወደ ጦሩ ኦርኬስትራ የገባ ሰው ነው እንግዲህ። ክብር ዘበኛ እያለም ከቬነስ ጋር ሸክላ ቀርጿል። ስለዚህ ክበብና ኦርኬስትራ እንደምናስበው የተለያዩ ዓለማት አልነበሩም።

ሸክላውም የራሱ ታሪክ አለው። ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሡ አዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሐ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ በፈረንጅ 1969 ያንን ሳይሰማ (ሰምቶም ሳይሆን አይቀርም) የራሱን ማሳተም ጀመረ። መጀመሪያ ያወጣው የዓለማየሁ እሸቴን ነው። ውጭ አገር አሳትሞ ያስመጣል። በፈረንጅ 1975 አገር ጥሎ እስኪሄድ ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላ አውጥቷል። በአንድ ፊት አንድ ዘፈን። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የዚያ ዘመን ሙዚቃ ብዙው የዚህ ሰው ድፍረት ውጤት ነው ብል አላጋነንኩም።

ዶፍ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ዘመኑን ቅዱስ አደረጋችሁት። ወርቃማ ዘመን፣ ወርቃማ ዘመን። ለማን ነው ወርቃማ? አዲስ አበባ መግቢያ ከፍሎ ለሚገባ ሰው። በ1965 ወሎ በረሃብ ሲረግፍ እዚያ ክበብ ውስጥ ይጨፈር ነበር። ድምፃዊውም ነፃ አልነበረም። በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር ክብር ዘበኛ አመፀ፣ ጥላሁን አብሮ ታሰረ። ግጥም ይመረመራል። ናዝሬትማ ምን ደረሳት? ከሬዲዮ በቀር?

የወንጂዋ፦
ዶፍ፣ የእስሩም የረሃቡም ነገር እውነትህን ነው፣ አልከራከርህም። ናዝሬትን ግን አትንካ።

እኔ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ሆላንዶቹ እያሉ ማለት ነው። ደመወዝ በተከፈለ ቅዳሜ ናዝሬት ምን ትመስል እንደነበር አልነግርህም። ባቡሩ ከድሬዳዋ ሲመጣ በእኛ በኩል ያልፋል። ከአዲስ አበባም ሲመጣ ያልፋል። አንድ መቶ ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው፤ አዲስ ሸክላ ወጣ ከተባለ ባቡር ሠራተኛው ወይም ሹፌሩ ይዞት ይመጣል። ቡና ቤቶቹ ሳንቲም የሚጎርስ የሙዚቃ ሣጥን ነበራቸው። ሀያ አምስት ሳንቲም ከትተህ ሰው የመረጠልህን ሳይሆን አንተ የፈለግከውን ትሰማለህ። እኛ ልጆች ደግሞ በር ላይ ቆመን ሰው የከፈለበትን እንሰማለን። እናቴ ልትፈልገን ስትመጣ እሷም ቆማ ታዳምጥ ነበር፣ ከዚያ ነው የምትቆጣን።

አሁን የፍራንኮ ልጅ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ስለ ሴቶቹ ማንም አልተናገረም። ሴት ልጅ መድረክ ላይ ስትቆም ያኔ ቤተሰብ ሊቀብራት ነው የሚደርሰው። አዝማሪ ሆነች ይባላል። ብዙነሽ በቀለ ከሐረር መጥታ ወታደር መሐል ቆማ ዘፈነች። ሂሩት በቀለ ዕድሜዋን በፖሊስ ኦርኬስትራ አሳለፈች፣ ኋላ ወደ መዝሙር እስክትገባ ድረስ። አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ ትዘፍናለች፣ ቴአትርም ትሠራለች። እነዚህ ሴቶች የማንም አጃቢ አልነበሩም። አስተዋዋቂው ስማቸውን ይጠራል፣ ኦርኬስትራው ሙሉውን ለእነሱ ይነፋል። ዛሬ ሆቴሎቻችን ውስጥ የማየው ግን ወንዱ ይዘፍናል፣ ልጅቱ ጎን ቆማ ትወዛወዛለች፣ አሥር ዘፈን ላይ አንድ ይሰጧታል። እንደዚያ ካደረግክ የድሮ ምሽት አትበለው።

የፍራንኮ ልጅ፦
እትዬ ልክ ነዎት። የእኛዋ ልጅ እንዲያውም ከወንዱ ትበልጣለች። (እሱ ይህን መድረክ አያነብም ብዬ ነው።) እኩል እኩል ይዘፍናሉ። እንደውም ማሕሙድና ብዙነሽ እንዳደረጉት በቅብብል የሚዘፈን አንድ እጨምራለሁ።

ባቡር ጣቢያ፦
ቆይ፣ አዳማ ላይ የድሮ ምሽት አዘጋጅተህ አሊ ቢራን ዝርዝርህ ውስጥ አላየሁትም። ማን ሊመጣልህ ነው? አሊ ድሬዳዋ አፍረን ቀሎ ከሚባለው የሙዚቃ ቡድን ልጆች ጋር ጀመረ። አዲስ አበባ ገብቶ ክብር ዘበኛ ውስጥም ዘፍኗል። ኡድ ይጫወታል፣ ጊታር ይጫወታል። በአፋን ኦሮሞ ያንን ሁሉ ሲዘፍን ዘመኑ ምን እንደነበር አስቡት። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ያረፈውም እዚሁ አዳማ ነው። ከተማው ሲያለቅስ አይቻለሁ። ቢያንስ ሁለት ዘፈን።

ዶፍ፦
ባቡር ጣቢያ ባልከው እስማማለሁ። የመጀመሪያው ቁም ነገር ያለው ኮሜንት።

ሸክላ ሰብሳቢ፦
የመጀመሪያው? እሺ ይሁን።

የፍራንኮ ልጅ፦
አሊ ገብቷል። ሁለቱም ድምፃውያኖቼ አፋን ኦሮሞ አፋቸውን የፈቱበት ነው፣ ችግር የለም።

አሁን ትልቁ ጥያቄ። ነፊ የለኝም። እኔ ኪቦርድ፣ አንድ ከበሮ፣ አንድ ቤዝ ነን። ኪቦርዴ ላይ የብራስ ድምፅ አለ፣ ጥራቱም አሪፍ ነው። በእሱ ብሠራው ያስነውራል?

ሳውንድማን፦
ያስነውራል። በእናትህ ያንን ቁልፍ አትንካው።

ዶፍ፦
ለምን ያስነውራል? ሰው የሚመጣው ሊዘፍንና ሊጨፍር ነው። ሦስተኛው ቢራ ላይ ሳክስፎኑ የእውነት ይሁን የኪቦርድ ማንም አይለየውም። ነፊ አምጣ ማለት ቀላል ነው። ማን ይከፍላል?

ጡረተኛው፦
አቶ ዶፍ፣ ገንዘቡን በተመለከተ ተገቢ ጥያቄ ነው። አይለየውም ያሉትን ግን አልቀበልም። ትንሽ ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

የእኛ ዘፈን ከጥንትም ተቀባይ ያለው ነው። ሠርግ ላይም፣ ጉዞ ላይም፣ ሥራ ላይም አውራጁ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። ዘፈኑ በአንድ ሰው አፍ አይቆምም። ኦርኬስትራ ሲመጣ ይህን የተቀባይነት ሥራ ማን ወሰደው? ነፊዎቹ! ጥላሁን አንድ ስንኝ ይላል፣ ነፊዎቹ ይመልሱለታል። አጃቢ መስለው ታያቸዋለህ እንጂ መላሾች ናቸው። መላሽ ደግሞ ይሰማል። ድምፃዊው ስንኙን ጎትቶ ሲያንቆረቁረው አንተም ትጠብቀዋለህ። ሲያጣድፍ ታጣድፋለህ። ትንፋሽ ስለሆነ ነው። እሱም በትንፋሽ፣ አንተም በትንፋሽ። ኪቦርድ ትንፋሽ አያልቅበትም፣ ስለዚህ ድምፃዊውን መጠበቅ አያውቅም።

ጌታቸው መኩሪያን ስማ። ሽለላና ፉከራ በአፍ ነበር የሚባለው። እሱ በቴነር ሳክስፎን አለው። ቃል የለውም፣ ግን የሚፎክር ሰው እንደሆነ ትሰማዋለህ። በፈረንጅ 1972 የወጣው ሸክላው ሙሉውን እንደዚያ ነው። ቀደም ሲል ማዘጋጃ ቤት ባንድ ውስጥ፣ ኋላ በቴአትር ቤቱ፣ ከዚያ በፖሊስ ኦርኬስትራ ነፍቷል። ለድምፃዊ ሲመልስም ያው ፉከራው አብሮት አለ። ይህን በቁልፍ ተጭነህ አታመጣውም።

ገንዘቡን ግን እንዲህ እናቃልለው። ሙሉ ኦርኬስትራ አያስፈልግህም። ሸክላ ሰብሳቢ እንዳለው የክበብ ባንዶቹም ትንንሽ ነበሩ። አንድ ትራምፔት፣ አንድ ቴነር ሳክስፎን። ሁለት ሰው። ከተገኘ ትሮምቦን።

ሸክላ ሰብሳቢ፦
ጋሼ እንዲህ ሲያስረዱ ውዬ ባድር።

ነፊ ከየት ለሚለው፣ የማርሽ ባንድ ፈልግ። አዳማ ውስጥ ሰልፍና በዓል ላይ የሚነፉ ልጆች አሉ። ይቀልድብኛል እንዳትል፣ ታሪኩም በዚያው መንገድ ነው የመጣው። ራስ ተፈሪ በ1916 ከኢየሩሳሌም አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አመጡ። አርባ ልጆች የሚባሉት። የነሐስ መሣሪያ ማርሽ ነበር የሚነፉት። ኬቮርክ ናልባንዲያን አስተማሪያቸው ነበር። የወንድሙ ልጅ ኔርሴስ ደግሞ ከዚያ በኋላ የማዘጋጃ ቤቱንና የፖሊሱን ሙዚቀኞች አሠለጠነ፣ በ1948 ለተከፈተው ቴአትር ቤትም ሠራ። ጦር ውስጥ ማርሽ የሚነፋው ሰው ነው ቆይቶ በዚያው ትራምፔት ትዝታና አምባሰል የነፋው።

የፍራንኮ ልጅ፦
የማርሽ ባንዱ ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ አልመጣም ነበር። አንድ የማውቀው ልጅ አለ፣ ትራምፔት ይነፋል። እደውልለታለሁ። ግን የዘፈኖቻችንን ምት፣ ችክችካውን ይችላል? እነሱ የለመዱት ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ ነው።

ጡረተኛው፦
ይማራል። እኛም ያው ነበርን።

ሳውንድማን፦
ስለ ድምፅ የእኔን ልበል። አንደኛ፣ ማይክራፎኑ ባለ ገመድ ይሁን፣ መቆሚያው ላይ ይተከል። ሽቦ አልባ ከሰጠኸው ድምፃዊው ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ነፊዎቹ ማይክ አያስፈልጋቸውም። የሆቴሉ አዳራሽ ትንሽ ነው፣ ትራምፔት ያለ ማይክም ጣሪያ ያነሳል። ድምፃዊው ሲጮህ ከማይኩ ወደ ኋላ ይበል፣ ሲያንሾካሽክ ይጠጋ። ይህን ሁሉ እኔ በማሽን እንድሠራለት አይጠብቅ። ሦስተኛ፣ ኤኮውን ቀንሱ። አዳማ ውስጥ ሁሉም ድምፃዊ ዋሻ ውስጥ ያለ ይመስላል።

ባቡር ጣቢያ፦
ሽልማቱስ? ሰው ተነስቶ ግንባሩ ላይ ብር ሲለጥፍ ያ ሁሉ ሥርዓት ይበላሻል እኮ።

የወንጂዋ፦
እሱን ተወው፣ ይለጥፍ። የአዳማ ሰው ብሩን ይዞ ቁጭ በል ቢሉት ይታመማል። እኔ የምፈራው ሌላውን ነው፤ ጠረጴዛውን እንደ ቴአትር ቤት ደርድረው ሰውን ዝም አሰኝተው እንዳያስቀምጡት። ክበብ ውስጥ ሰው ይጨፍር ነበር። መሐሉን ክፍት ተዉት።

ሸክላ ሰብሳቢ፦
ጭፈራ ከተነሳ፣ ዓለማየሁን የሚዘፍነው ልጅ ዝም ብሎ አይቁም። ዓለማየሁን ሰው ከኤልቪስና ከጄምስ ብራውን ጋር የሚያመሳስለው በከንቱ አይደለም። አስመራ ቃኘው የአሜሪካኖች ጣቢያ ነበረ፣ ሬዲዮው ሶል የሚባለውን የጥቁር አሜሪካኖች ሙዚቃ ያስተላልፋል። የሰላም ጓድ ልጆችም ሸክላ ይዘው ይመጣሉ። የከተማው ልጅ ያንን ሰምቶ ነው ጎፈሬውን ያሳደገው። ጥላሁን ግን ሌላ ነው። እሱ ቆሞ በእጁና በፊቱ ብቻ አዳራሽ ያስለቅሳል። ሁለቱን ዓይነት በአንድ ምሽት ካሳያችሁ ዘመኑን አሳያችሁ።

ትንሽ የመሣሪያ ብቻ ሙዚቃም መሐል ላይ አድርጉ። ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝን ይሠራ የነበረው በዚያው ጊዜ ነው። በኅዳር 1966 አሜሪካዊው የጃዝ ሰው ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ ሲመጣ ሙላቱ አብሮት ነበር፣ ንጉሡም ኤሊንግተንን ሸለሙት። በዓመቱ ንጉሡ የሉም።

ዶፍ፦
ክበቡም የለም። ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ ማታ የሚባል ነገር ቀረ። በየቀበሌው ኪነት ቡድን ሆነ።

ጡረተኛው፦
ኪነቱም ውስጥ ቢሆን ነፊ ነበረ።

የፍራንኮ ልጅ፦
ዜና! ትራምፔቱ ልጅ እሺ ብሏል። ቴነር ሳክስፎን የሚነፋ ጓደኛም አለው። ባለቤቱ ለሁለቱ ሊከፍል ተስማምቷል፣ የጌጡን ወጪ ቀንሶ። ትሮምቦን ስለው ግን "እሱ ደግሞ ምንድነው?" አለኝ። ልምምድ ሰኞና ረቡዕ ከሰዓት፣ ሆቴሉ ባዶ ሲሆን። ቅደም ተከተሉን እንዲህ አሰብኩ፦ ነፊዎቹ በመሣሪያ ይከፍታሉ፣ ልጅቱ ሁለት የብዙነሽ፣ ልጁ ሁለት የጥላሁን፣ አሊ ቢራ፣ እረፍት። ከዚያ ሂሩት፣ ማሕሙድ፣ ቅብብሉ፣ በዓለማየሁ መዝጋት። አስተዋዋቂ ግን የለኝም።

የወንጂዋ፦
ለአስተዋዋቂነት ዶፍን ውሰዱት። ምላስ አለው።

ዶፍ፦
ቢራ ካለ እመጣለሁ።

ጡረተኛው፦
ለነፊዎቹ ኖታ ስትጽፍላቸው ተጠንቀቅ። ትራምፔትም ቴነርም ቢ ፍላት መሣሪያ ናቸው። ኪቦርድህ ላይ ሲ ብለህ የምትጫወተውን ለእነሱ ዲ ብለህ ጻፍላቸው፣ አንድ ቶን ከፍ አድርገህ። ይህን ሳታደርግ ሰኞ ከገባህ ሙሉውን ከሰዓት ትጨቃጨቃላችሁ። ለማሕሙድ ዘፈኖች ቁልፉን ልጁ የሚችለው ላይ አድርገው እንጂ ሸክላው ላይ ያለው ይሁን አትበል። ረቡዕ አዳማ ጉዳይ አለኝ። ሰዓቱን በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

የፍራንኮ ልጅ፦
ጋሼ፣ ጻፍኩልዎት። ትራምፔትዎን ይዘው ነው የሚመጡት?